የገመድ ሹሩባ

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ሳይሰበር ገባ! አምፕሊፋየሩም፣ የካሴት ማጫወቻው ዴክም፣ ሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮችም፣ የካሴት ካርቶኖቹም አንድ ሳይጎድል አዲሱ ቤት ገቡ። ተመስገን ነው። ሰላም ሳልልሽ ጀመርኩ መሰለኝ ደብተሬ፣ አትቀየሚኝ፣ ደስታው ቀድሞኝ ነው። እንደምን ሰነበትሽ።

ከካዛንቺስ ላንቻ ምን ያህል ነው፣ በእግር የሚሄዱት ነው፤ ዕቃ ሲጫን ግን መንገዱ ሌላ ነው። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር አብሬ ዘለልኩ። ባለቤቴ ተስፋለም ጋቢና ተቀምጦ አምፕሊፋየሩን እንደ አራስ ልጅ አቅፎት ነበር። ሾፌሩ ኋላ ቢጫን አይሻልም ወይ ቢለው፣ «ልጄ፣ አንተ መሪህን ያዝ፣ እኔ ይሄን ልያዝ» አለው። ሳቅን።

ስለ ድሮው ቤት ዛሬ አልጽፍም። ፈረሰ፣ በቃ። ካሴት ቤታችንም ከተዘጋ ቆየ፤ ሰው በስልኩ መስማት ከጀመረ ማን ካሴት ያስገለብጣል። ከዚያ ሁሉ የቀረን ይሄ ዕቃና የተስፉ ጆሮ ነው። ዓይኑን የዓይን ግፊት ወስዶበታል፤ አሁን ጥላና ብርሃን ብቻ ነው የሚለየው። በድሮው ቤት ግን እንግዳ ሰው እንኳ አያውቅበትም ነበር፤ በሩን፣ ወንበሩን፣ የመብራት ማጥፊያውን ሁሉ እጁ ያውቀዋል። እዚህ ደግሞ እንደ አዲስ ሊማረው ነው። በርጩማውን ከመንገዱ ላይ ላንሳ ስል ሰማኝና፣ «አምሲ፣ ቤቱን የዕውር ቤት እንዳታደርጊብኝ። እለምደዋለሁ» አለኝ። አልተቆጣም። ግን ገባኝ። በርጩማውን ቦታው መለስኩት።

ብቻ ዋናው ነገር ገባ። ተመስገን።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ወደቀ። ብዙ አይደለም፣ ግንባሩ ላይ ትንሽ አበጠ። ዕቃውን የደረደርንበት ቁምሳጥን ሥር የተዘረጋው የስፒከር ገመድ ነው እግሩን የያዘው፤ እኔ ከጓዳ ሆኜ አይቻለሁ። ለልጃችን ለልደት ግን በር መታኝ አላት። እኔም አዎ፣ በሩ መጥፎ በር ነው አልኩ።

ከሰዓት ልደት ጸጉሩን ልታስቆርጠው ስትወስደው ቁምሳጥኑን ጎተትኩና ኋላውን አየሁት። ስንት ገመድ! ከግድግዳው የሚመጣ የመብራት ገመድ፣ ከዴኩ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄዱ ቀጫጭኖች፣ ወደ ስፒከሮቹ የሚወጡት፤ ከእንቅልፉ እንደ ተነሳ ሰው ጸጉር አንዱ ባንዱ ላይ ተዘባርቋል። ዕድሜዬን ጸጉር ስሠራ የኖርኩ ሴት ይሄን ዓይቼ እተወዋለሁ እንዴ። ቁጭ አልኩና በሦስት ከፈልኳቸው፤ የመብራቶቹን አንድ፣ ቀጫጭኖቹን አንድ፣ የስፒከሮቹን አንድ፤ ከዚያ ሹሩባ ሠራኋቸው። አጥብቄ። ጫፉን በጸጉር ላስቲክ አሰርኩና ከግድግዳው ሥር አስተኛሁት። ለሙሽራ እንኳ እንዲህ ያለ አልሠራሁም።

ለተስፉ አልነገርኩትም። የዕውር ቤት አደረግሽው ይለኛል። ጸጉር ቤት አብራኝ ለምትሠራው ለሜቲ ብቻ ነገርኳት፤ እትዬ፣ ገመዱንም ቅባት ቀብተሽዋል ወይ ብላ ደንበኛው ሁሉ ፊት አሳቀችብኝ።

ሐምሌ 13፣ እሁድ

ዛሬ ዕቃው ተከፈተ።

ሁልጊዜ እሁድ የሚያስቀድመው አንድ ካሴት አለው። ዱሮ አንድ ክራር ተጫዋች ዝናብ እስኪያባራ ብሎ ካሴት ቤታችን ገብቶ፣ ተስፉ ማይክ ደቅኖ የቀዳው ነው። ሰውየውን ደግመን አላየነውም። ተስፉ የሚወደው ግን ክራሩን ብቻ አይደለም። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ከክራሩ ኋላ ሰፈሩ አለ ይላል፤ ወያላው፣ የጎረቤት በር፣ ሰው ሲያስነጥስ። እኔ ክራሩን ነው የምሰማው፤ ስንት ዓመት የጸጉር ማድረቂያ ካስክ ጆሮዬ ላይ እንደጮኸ እግዜር ይወቀው፣ ጥቃቅኑ ነገር አይገባኝም። እሱ ግን «ካዛንቺስ እዚህ ውስጥ ነው» ይላል። አሁን ደግሞ እውነቱን ነው፣ ሌላ የት አለ።

ካሴቱ ግማሽ ሳይደርስ አጠፋው። ከሥሩ እምምም የሚል ነገር አለ፣ ኋላ ያለውን ሁሉ ሸፈነው አለ። ልደት ጆሮዋን ደቀነች፣ ዝናቡ ነው አለች። እውነትም ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። እኔም ዝናቡ ነው አልኩ።

ተስፉ «ዝናብን አውቀዋለሁ» አለና ተነስቶ ሄዶ ተኛ።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ዛሬ የቂርቆስ በዓል ነው። ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄደን፣ ክንዴን ይዞ፣ ጭቃውን እየዘለልን፣ ደስ ብሎን ተመለስን። ስለ በዓሉ ነበር ልጽፍ ያሰብኩት፤ ስለ ሌላ ልጽፍ ነው።

ምሳ ከበላን በኋላ ካሴቱን ከፈተ። ስፒከሩ አጠገብ ተቀመጠ፣ እጄን ይዞ አጠገቡ አስቀመጠኝ። አንቺ ስሚልኝ አለ። ሰማሁ። ክራሩ ቆንጆ ነው። ከዚያ ካሴቱን አቆመና፣ ዕቃው እንደበራ ይሁን፣ ዘፈን ሳይኖር እሱን ድምፅ ብቻ ስሚው አለኝ። እኔ ምን ልበል። ፊቱ ላይ ያለውን እያየሁ ነበር። «አዎ ተስፉ፣ ይሰማኛል፣ እምምም ይላል» አልኩት።

እጁ ወደ አምፕሊፋየሩ ሄደና ተመለሰ።

«አሁንስ?»

«አሁንም ይሰማኛል።»

«አጥፍቼዋለሁ እኮ፣ አምሲ።»

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እጄን ቸብ ቸብ አድርጎ፣ ደህና ነው፣ ምንም አይደል አለኝ። እኔን ነው እንግዲህ የሚያጽናናው። ምን ነክቶኝ ነው። የማላውቀውን ነገር አውቃለሁ ማለት ከየት ያመጣሁት ነው። አልሰማሁም ብለው ምን ነበረበት። ግን ደግሞ ብቻውን እንዲሰማው አልፈለግኩም፣ ይኸው ነው።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ከሥራ ስገባ በረንዳው ላይ በስልክ ሲያወራ ደረስኩ። ከጋሽ ጉርሜሳ ጋር ነው። ጋሽ ጉርሜሳ የካሴት ቤት ዘመን ወዳጁ ናቸው፣ አሁን መስቀል ፍላወር ይኖራሉ፤ ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ አግዳሚያችን ላይ ተቀምጠው ሳይገዙ የሚሰሙ ሰው ነበሩ። ጆሮ ጠቢ አይደለሁም፣ ግን በሩ ላይ ቆምኩ።

ዕቃውን ሊሰጣቸው ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መኪና እስኪገኝ ከዘመን መለወጫ በኋላ መጥተው እንዲወስዱ ተነጋገሩ። እሳቸው ምን እንዳሉት አልሰማሁም። እሱ ግን ያላትን ቃል በቃል ሰምቻታለሁ።

«ዓይኔም እንዲህ ነበር የጀመረኝ። በትንሹ። ጆሮ ያለው ሰው ይስማው።»

ገብቼ እንደምን ዋልክ አልኩት። ደህና አለኝ። ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ፣ ለዓይኔ ሰበብ እንዲሆነው።

ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

ሜቲ ዛሬ ነገር ሰጠችኝ፣ እድሜ ይስጣት። የጎረቤቷ ቴሌቪዥን ሲንጎራጎር ኖሮ፣ የመብራቱን ገመድ ሲቀይሩለት ዝም አለ አለች። ይኸውልሽ ደብተሬ። ጆሮ ላይሆን ይችላል እኮ። ገመድ ሊሆን ይችላል። አዲስ ሰፈር፣ አዲስ መብራት፣ አሮጌ ገመድ።

ዓይኑ ሲሄድ ቆሜ ከማየት ሌላ ምንም አላደረግኩም። ገመድ መምረጥ ግን እችላለሁ።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

ፍልሰታ ገባ። ሠርግ የለም፣ ጸጉር ቤቱ ጭር ብሏል። የቤት አከራያችን ያ ቆንጆ ዘፈናችሁ የት ሄደ ብትለኝ፣ ጾም አይደል እንዴ አልኳት። በሐምሌ ምን ጾም ነበር ብትለኝ ኖሮ ምን እመልስ ነበር። ደግነቷ አላለችም።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ቡልጋሪያ ሄድኩ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫው ቤት። ባለቤቱ ፈየራ ይባላል፣ ጎልማሳ ነው፣ ለሚስቱ ሁለቴ ጸጉሯን ሠርቼላታለሁ። የአምፕሊፋየር የመብራት ገመድ አልኩት። ምን ዓይነት አለኝ። ድምፅ የማያመጣ አልኩት።

መጀመሪያ አውራ ጣቴን የሚያህል ወፍራም አወጣ። ላዩ የተጎነጎነ የክር ልብስ ለብሷል፣ ጫፉ ወርቅማ ነው። «ኦሪጅናል ነው እናት» አለኝ። እዚህ ከተማ ውስጥ ኦሪጅናል ያልሆነ ነገር ሲሸጥ አይቼ አላውቅም። ልብሱን ተወው፣ ሥጋውን አሳየኝ አልኩት። ሳቀና የተቆረጠ ቁራጭ ከመሳቢያ አመጣልኝ። መዳቡን በጣቴ ፈታሁት። የክሩ ብዛት፣ ልስላሴው፣ የሕፃን ጸጉር በይው። ሌላ ረከስ ያለ ደግሞ አሳየኝ፤ እሱ ውስጡ ጥቂት ደረቅ ሽቦ ነው፣ እንደ መጥፎ ዊግ ጣት ይወጋል። ወፍራሙን አልኩ።

ሱቁ ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ከጀመርኩ የሆዴን ሁሉ ነው የማወራው። አንደኛው ገመድ ምንም አያደርግም፣ ስታቢላይዘር ነው የሚያስፈልጋት አለ። ሌላኛው ችግሩ ከመብራት ፖሉ ነው አለ። ሊከራከሩልኝ ጀመሩ፣ ደስ አሉኝ። ሲወጡ ግን አንዱ ያለውን ሰማሁ፤ ወይ ቀስ ብሎ ማውራት አያውቅበትም፣ ወይ እንድሰማ ፈልጎ ነው። «ባሏ አያይም አሉ። ቴፑ አንጎራጎረ አላንጎራጎረ ምን ይጎዳዋል።»

ፈየራ ገመዱን እየጠቀለለ፣ «ሰውየው ሲያይ ነበር ምንም የማይጎዳው» አለ፣ ለእኔም ለእነሱም ሳይሆን ለገመዱ። ካልሆነ መልሰሽ ለውጪ አለኝ። እንዲህ ያለ ሰውም አለ። ተመስገን።

ነሐሴ 6

አዲሱን ገመድ ሰካሁ። የድሮው ሹሩባ ተፈትቶ እንደገና ተሠራ፣ ወፍራሙ መሃል ገብቶ። ከበፊቱ አጥብቄ። ተስፉ ሲተኛ ነው የሠራሁት።

ጠዋት ከፈተ። ያው ነው አለ። እንዲያውም ትንሽ ብሷል አለ።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ፈየራ ወፍራሙም ይቆይሽ ብሎ ሌላ ሰጠኝ፣ ባለ ሦስት እግር። ሦስተኛዋ እግር ኧርዝ ናት፣ ትርፉን መብራት ወደ መሬት ትወስደዋለች ብሎ አስረዳኝ። ደስ ብሎኝ ይዤ ሮጥኩ። ቤት ስደርስ ግድግዳው ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው። ዲቫይደር አምጥቼ ሰካሁት። ልደት ከቢሮ ገብታ አየችና፣ «እማ፣ ቤቱ ኧርዝ የለውም እኮ፣ ይቺ ሦስተኛ እግር ምን ልትረግጥ ነው» አለችኝ። ሳቄ መጣ። እሷም ሳቀች። ብዙ ጊዜ ሆኖን ነበር አብረን ከሳቅን።

ሹሩባው ውስጥ እሱንም አስገባሁት። ምናልባት የላላበት ቦታ ይሆናል ድምፁ የሚያመልጠው ብዬ ይበልጥ አጠበቅኩት። ለሜቲ ብነግራት፣ እትዬ፣ የሰው ራስ እንኳ ሲጠብቅበት ይታመማል አለች። ሥራሽን ሥሪ አልኳት።

ያው ነው አለ ተስፉ። ይቅርታ የሚጠይቀኝ ይመስል ነው የሚናገረው።

ነሐሴ 21፣ ረቡዕ

ፍልሰታ ተፈታ፣ ሠርጉ ተመለሰ፣ እጄ ተልጧል። ማጉረምረም አይደለም፣ ተመስገን ነው።

ካርቶን ሥር ዕቃው ሲገዛ አብሮ የመጣውን የጥንቱን ጠፍጣፋ ገመድ አገኘሁት። ሁሉም ነገር ደህና የነበረበት ጊዜ ገመድ። ሐሳቤን ታውቂዋለሽ ደብተሬ፣ ልቤ ዘለለ። ሰካሁት፣ ጎነጎንኩት፣ እስኪከፈት ጠበቅኩ።

ተስፉ ጥቂት ሰምቶ አጠፋው። ከዚያ ጠራኝና አጠገቡ አስቀመጠኝ። ገመድ ስገዛ እንደከረምኩ ያውቃል ለካ፣ የአዲስ ላስቲክ ሽታ ሸቶታል። «አምሲ፣ ይብቃሽ። ሦስት ገመድ አንድ ዓይነት ድምፅ አያወጣም። ሦስቱም ደህና ናቸው። ደህና ያልሆነው ሌላ ነው» አለኝ፣ ጆሮውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ።

ሐኪም ጋ እንሂድ አልኩት። ከበዓል በኋላ አለ። ሁሉ ነገር ከበዓል በኋላ ሆነ።

ጳጉሜን 4

ሰው በሰው ላይ። ከጠዋት ቆሜ። እግሬ የለም።

ሜቲ ዛሬ ብቻዋን ስንት ራስ እንደሠራች፣ እግዜር ይስጣት።

ተስፉ ምሳዬን በልደት ልኮልኛል። ካስኩ አጠገብ ሆኜ ደውሎልኝ አልሰማሁትም። ሁልጊዜ ስልኬ አይጮህም። አንድ ቀን ለሠሪ ላሳየው።

መስከረም 1፣ ሐሙስ

እንኳን አደረሰሽ ደብተሬ።

ቤቱ ዝም ብሎ ዋለ። ድሮ የዘመን መለወጫ ጠዋት ገና ከአልጋ ሳልወርድ ነበር ዘፈን የሚከፍተው፤ ጎረቤት ሁሉ በእኛ ስፒከር ነበር የሚነቃው። ዛሬ የአከራያችን ቴሌቪዥን በግድግዳው ሲመጣ ዋለ።

ግን እስቲ ያለኝን ልቁጠር፦ ልደት አዲስ ቀሚስ ገዛችልኝ። ተስፉ ቤቱን ለምዶታል፣ አሁን ከአልጋ እስከ በር ግድግዳ ሳይነካ ይሄዳል። ጋሽ ጉርሜሳ እንኳን አደረሳችሁ ብለው ደወሉ፣ የወንድማቸው ልጅ መኪና ስላለው እሁድ ይመጣሉ። ተስፉ ጥሩ አለ። እኔም ጥሩ አልኩ።

ብርሃኑ ከዓይኑ ቀስ እያለ ሲሄድበት አይቻለሁ። ዝምታው ግን ከዚያ ይከብዳል፤ ሲያወራ እንኳ ለሰው እንዳይከብድ የሚያወራ ሰው ሆነ። ዕቃው ሲሄድ አብሮት የሚሄድ ነገር አለ። እፈራለሁ። ሌላ አልጽፍም።

መስከረም 3፣ ቅዳሜ

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፣ ፊደሌ ቢያስቅሽ ሳቂ።

ነገ ጋሽ ጉርሜሳ ስለሚመጡ ዕቃውን ለማሸግ ከሰዓት ቁምሳጥኑን ጎተትኩ። ሹሩባውን ለእሳቸው አልሰጥም፣ እያንዳንዱ ገመድ ለየብቻው ይጠቀለል ብዬ ላስቲኩን ፈታሁ። ጸጉር ሲፈታ እንደሚሆነው ሁሉ ገመዱም ጠምዘዝ ጠምዘዝ ብሎ ቀረ። ወለሉ ላይ በተንኩት፤ የመብራቱ ወደ በሩ፣ ቀጫጭኖቹ ወደ መስኮቱ፣ የስፒከሮቹ ባገኙበት። ሊታሸግ ነው ብዬ ነው እንጂ ተስፉ በዚያ ቢያልፍ አንገቱን ይሰብር ነበር።

እሱ ደግሞ ከአልጋው ሆኖ፣ ለሰው ከመስጠታችን በፊት መሥራቱን እንይ፣ የተበላሸ ዕቃ አልሰጥም አለ። እዚያው ወለሉ ላይ እንደተዘረጋ ሰካሁት። መጥቶ ከፈተ። ካሴት አልከተተም፤ እሱን ድምፅ ነው የሚጠብቀው።

ቆመ። ራሱን ቀና አደረገ። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ስፒከሩ ላይ አደረገ። አጠፋው፣ ከፈተው።

«ምን አደረግሽ?»

ምንም አልኩት።

«አምሲ። ምን አደረግሽ?»

ነገርኩት። የወደቀ ቀን እንዳየሁት፣ ሹሩባውን፣ ላስቲኩን፣ አዲስ ገመድ በመጣ ቁጥር ፈትቼ እንደገና እንዳጠበቅኩት፣ የዕውር ቤት እንዳይመስለው ብዬ እንደደበቅኩት፣ ሁሉንም። ሲሰማኝ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ሳቀ። ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ወደዚህ ቤት ከገባን እንዲህ ሲስቅ አላየሁም። «የመብራትና የድምፅ ገመድ ባንድ ላይ ጎንጉነሽ!» አለ። የካሴት ቤት ልጅ ሲቀጠር መጀመሪያ የሚነገረው ይሄ ነው አለኝ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን አይተኙም፣ ቀጭኑ የመብራቱን እምምታ ይቀዳዋል። ስንት ዓመት ካሴት ቤት ምሳ ሳመላልስ ማንም አልነገረኝም።

አሁንም አላመንኩም። ልደትን ጠራኋትና ሁሉንም መልሼ ጎነጎንኩ፣ በችኮላ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ጸጉር። ዝናብ የለም፣ ቆርቆሮው ዝም ብሏል። ተስፉ ከፈተ። ልደት ጆሮዋን አስጠጋች፣ ቆየች፣ ዓይኗ ተለወጠ። «አባ፣ አለ። አለ እኮ። ዝናብ ነው ብዬህ ነበር» አለችና አንገቱን አቀፈችው።

እኔ ዛሬ አልዋሸሁም። አልሰማሁትም። ተስፉ ግን እጄን ይዞ መዳፌን የስፒከሩ ጨርቅ ላይ አስቀመጠው። ጨርቁ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ በጣም በቀጭኑ፣ ልክ ታማ የምትንቀጠቀጥ ዶሮ ሲይዙ እንደሚሰማው። ጣቴ አወቀው። ሹሩባውን ፈታሁት፣ መዳፌን መለስኩ፤ ጨርቁ ጨርቅ ብቻ ሆነ።

ጆሮው ደህና ነው። ደህና ነበር። ከሁላችን ይልቅ እሱ ነበር ደህና። ተመስገን፣ ተመስገን፣ ስንቴ ልጻፈው።

ከዚያ የክራሩን ካሴት ከተተ። ገና ሲጀምር ወያላውን ሰማው፣ በሩን ሰማው፣ እየነገረን ይስቃል። ወደ መጨረሻው ግን እጁን አነሳና ዝም በሉ አለን። ልደት አፏን ያዘች፤ «እማ፣ አንቺ ነሽ» አለች። ክራሩ ሊያልቅ ሲል ከኋላ አንዲት ሴት «ተስፉ፣ ምሳህ ቀዘቀዘ» ትላለች አሉ። ካሴቱን ደጋግመው መለሱልኝ። እኔ ቃሉን አልለየሁትም፣ ግን ሁለቱ ፊት ላይ ሰማሁት። ይሄን ሁሉ ዘመን እዚያ ውስጥ እንደነበርኩ ለምን አልነገርከኝም አልኩት። «አንቺ አሁንም በየቀኑ እንዲሁ ትጠሪኝ የለ እንዴ» አለኝ።

ኋላ ልደት ስትወጣ፣ ቤቱን ስለ እኔ ብለሽ ስታስተካክዪ ንገሪኝ፣ አብረን እናስተካክለው አለኝ። እሺ አልኩት። ቀጥሎ ደግሞ ያንቺን ጆሮ ነው የምናሳየው አለ። እኔ ምን ሆንኩ፣ ስልኩ ነው እንጂ የማይጮኸው። ግን እሺ አልኩት። ዛሬ ምን ቢለኝ እሺ ነው።

መስከረም 4፣ እሁድ

ጋሽ ጉርሜሳ መጡ፣ መኪናም ማሰሪያ ገመድም ይዘው። በሩ ላይ ክራሩን ሲሰሙ ቆሙ። ተስፉ ከውስጥ፣ «ጉርሜሳ፣ ባዶ እጅህን ነው የምትመለሰው፣ ግባና ተቀመጥ» አላቸው። ገቡ፣ ጉልበታቸውን ይዘው ተቀመጡ፣ እንደ ድሮው ሳይገዙ ሰሙ። ታሪኩን ስነግራቸው ሳቁ፣ ከዚያ ወደ ተስፉ ዞረው፣ «እኔስ እሺ ብዬህ መኪና ስፈልግ የከረምኩት ዕቃውን ፈልጌ መሰለህ? እምቢ ብልህ ለሌላ ትሰጠዋለህ ብዬ ነው። እኔ ጋ ካለ መስማት ሲያምርህ ትመጣለህ» አሉት። ተስፉ እጃቸውን ፈልጎ ያዘው።

ገመዱ ተመረጠ። ሦስቱን አንድ በአንድ አስሰካኝ፣ ከቀጫጭኖቹ አርቀን። ሦስቱም ንጹሕ ናቸው አለ፣ ልዩነት ካለ ለጆሮዬ አልመጣም አለ። እንግዲያ የቱ ይሁን ስለው ጫማውን አወለቀና ወለሉ ላይ የተዘረጉትን በእግሩ ዳሰሳቸው። ጠፍጣፋው ከወለሉ አይለይም። ባለ ሦስት እግሩ ያንሸራትታል። ወፍራሙ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ የክር ልብሱን በእግር ጣቱ ረገጠው፣ ወዲያና ወዲህ አንከባለለው። «ይሄ ይሁን። ይሄን እግሬ ያውቀዋል» አለ። ከበሩ ጎን ባለው ግድግዳ ሥር አብረን ዘረጋነው፣ እሱ እየያዘ እኔ እየለጠፍኩ፤ ቀጫጭኖቹ በሌላው በኩል ብቻቸውን። ባለ ሦስት እግሩን ጋሽ ጉርሜሳ ባዶ እጄን አልመለስም ብለው ወሰዱት፤ የእሳቸው ቤት ኧርዝ አለው። ፈየራን ነገ አመሰግነዋለሁ፣ የሚስቱንም ጸጉር በነፃ እሠራላታለሁ፣ አላጠብቅባትም።

አሁን ሁሉንም እጠራለሁ። ሜቲን፣ ፈየራን ከነሚስቱ፣ አከራያችንን፣ ጋሽ ጉርሜሳን፣ በየሰፈሩ የተበተኑትን የካዛንቺስ ጎረቤቶቻችንን ልደት በስልክ ታስሳቸዋለች፤ ሁለቱ የሱቅ ተከራካሪዎችም ይምጡ፣ ያኛው በተለይ ይምጣ። ስፒከሩ በረንዳ ይወጣል፣ ካሴቱ ከመጀመሪያው ይከፈታል፣ ካዛንቺስ የነበረ ሁሉ ከክራሩ ኋላ ራሱን ይፈልግ። ሰበብ አልቀበልም፤ በዓሉ ያልቃል፣ ሥራ የለም፣ ክረምቱም ወጥቷል። የመስቀል ማግስት፣ መስከረም 18፣ እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ።